በማንዳራ ተራሮች ዙሪያ ያሉ የአማርኛ የሩቅ ዘመዶች

የቻዲክ ቋንቋዎች ሲነሡ ቀድሞ የሚጠራው ሐውሳ ነው። እሱ ግን የምዕራቡ ቅርንጫፍ ነው። ከናይጄሪያና ከካሜሩን ድንበር ማንዳራ ተራሮች እስከ ቻድ ሐይቅ ባለው ምድር ደግሞ 80 ገደማ የማዕከላዊ ቻዲክ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ማፋ፣ ማርጊ፣ ዋንዳላ፣ ሞሎኮ፣ በሐይቁ ደሴቶችም ቡዱማ። ቻዲክ እንደ ሴማዊና ኩሻዊ ሁሉ የአፍሮ እስያ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ለአማርኛም ዘመዶቹ ናቸው።

የቻዲክ ቋንቋዎችን ዝምድና መለየት ግን ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዮሐንስ ሉካስ ወንዴና ሴቴ ጾታን የሚለዩትን ከማይለዩት ነጥሎ በሁለት ወገን መደባቸው። ጆሴፍ ግሪንበርግ መልሶ አንድ አደረጋቸው፤ ትክክልም ነበር። ቋንቋ የጾታን ልዩነት ከጊዜ ብዛት ሊጥል ይችላል፤ መጥፋቱ ብቻውን ባዕድ አያደርገውም። በ1977 ፖል ኒውማን ቻዲክን ምዕራብ፣ ማዕከላዊ፣ ምሥራቅና ማሳ ብሎ በአራት ከፈለው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የድምፆቹ ነገር ነው። እኛ «ውሰድ» ያልነውን ለሴት ስንናገር «ውሰጂ» እንላለን፤ የ«ድ» ድምፅ ወደ ላንቃ ይሳባል። በሞሎኮ ይህ ላንቃዊነት በአንድ ተነባቢ አይወሰንም፤ ቃሉን ሙሉ ይይዘዋል። «አ» ወደ «ኤ» ያደላል፣ «ስ»ም «ሽ» ይሆናል። ተመራማሪዎች ሥር መሠረቱን ሲፈትሹ በሞሎኮ አንድ አናባቢ ብቻ ነው ያገኙት፤ ሌላው የአናባቢ ልዩነት የሚመጣው ከእንዲህ ያለው ለውጥ ነው። በማርጊ በኩል ግን ለውጡ በተነባቢው ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የቃላት ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጦ መመሳሰልን መቁጠር እዚህ አያዋጣም። የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ቃላት በመልክ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ጎረቤቶች የተዋሷቸው ደግሞ ወንድማማች ይመስላሉ። ሪቻርድ ግራቪና በ2014 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የለውጡን ሥርዓት ተከትሎ ወደ ማዕከላዊ ቻዲክ ጥንታዊ እናት ቋንቋ ተጓዘ። ያገኘው ሦስት አናባቢዎችን፣ ቃሉን የሚያለብስ ላንቃዊነትን፣ እንዲሁም እኛ በፊደላችን ኰ እና ጐ ብለን የምንጽፋቸውን ዓይነት ከንፈር የሚያሾሉ ድምፆች ነው።

ከኒውማን አራት ክፍሎች የማሳ ቦታ ግን እስካሁን አልተቆረጠም፤ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ነው የሚሉ አሉ፣ ከማዕከላዊው ሥር የሚያስገቡትም አሉ።