እኩል ገንዘብ የሚሰጡ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፦ የልደታ ቤተሰብ የቱን ይምረጥ?

ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ያሉት የጽሕፈትና የትርጉም ቤቶች የሚተዳደሩት በክስ ማመልከቻና በውል ብቻ አይደለም። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን በተቃረበ ቁጥር ትራንስክሪፕት ስካን የሚያስደርግ፣ የምስክር ወረቀት የሚያስተረጉም፣ «ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያስተይብ ወጣት ከዚያ አይጠፋም። አብዛኞቹን የሚያስጨንቃቸው ዕድሉን ማግኘት አለማግኘታቸው ነው። ሁለት በር የተከፈተላቸው ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይጠብቃቸዋል፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እኩል ገንዘብ የሚሰጡ ከሆነ የቱ ይሻላል?

ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚፈታው በስም ነው። ዋና ከተማ ያለው፣ ዘመድ የሰማው፣ በደረጃ ሰንጠረዥ ከፍ ያለው ይመረጣል። ስም ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን ሁለት ስኮላርሺፖች በወረቀት ላይ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ መታየት ያለበት ተማሪው በየወሩ ምን እንደሚተርፈው፣ ስኮላርሺፑንስ ምን ሊያስነጥቀው እንደሚችል ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያሰሉ መምረጥ የአራት ዓመት በጀት ሳያነቡ መፈረም ነው።

ለዚህ የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም፣ ጥሩ ማሳያ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ፕሮግራም ነው፤ ኢትዮጵያም ተጠቃሚ አገር ስትሆን ዕጩዎችን የሚያቀርበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። አመልካቹ ሁለት የትምህርት ፕሮግራሞችን በቅደም ተከተል ያስገባል። ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው ብዙ ቤተሰብ እንደሚያስበው ውጤቱ ሲመጣ ሳይሆን ገና ቅጹ ሲሞላ ነው። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቢመረጥ ገንዘቡ ያው ነው። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት ይከፈላል፤ ዶርም ላልያዘ ደግሞ ለቤት ኪራይ ማገዣ በወር 40,000 ፎሪንት ይጨመርለታል። የአውሮፕላን ትኬት አይሸፈንም።

አንዲት የልደታ ልጅ በኢንጂነሪንግ ሁለት አማራጭ ይዛለች እንበል። አንዱ ቡዳፔስት የሚገኘው የቴክኖሎጂና ኢኮኖሚክስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሥሩ እስከ እ.ኤ.አ. 1782 ይዘልቃል። ሌላው በምሥራቅ ሃንጋሪ የሚገኘው የደብረጸን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱም ታሪኩን ከእ.ኤ.አ. 1538 ይቆጥራል። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፣ ሁለቱም 43,700 ፎሪንት ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። 43,700 ፎሪንት 110 ዩሮ ገደማ ነው። ቤተሰብ ወዲያው ወደ ብር ይመነዝረዋል፤ በባንክ ምንዛሪ ከ15 ሺሕ ብር በላይ ይሆናል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጦ ለሚሰማ ሰው ይህ ደህና ደመወዝ ነው፤ ልጅቷ ከራሷ አልፋ ለቤት ትልካለች የሚል ተስፋም ያድራል። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ሃንጋሪ ውስጥ ነው፤ ዳቦውም፣ ኪራዩም፣ የክረምት ካፖርቱም የሚገዛው በፎሪንት ነው። አበልን ወደ ብር መንዝሮ መገምገም ለውሳኔ ምንም አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት ያ ገንዘብ እዚያው ከተማ ውስጥ ስንት ቀን ያኖራል የሚለው ነው።

ልዩነቱ የሚወጣው ኪራይ ላይ ነው። ዶርም ካልተገኘ የአበሉና የኪራይ ማገዣው ድምር 83,700 ፎሪንት ነው። ቡዳፔስት ውስጥ በጋራ አፓርታማ አንድ ክፍል መከራየት ብቻውን ይህን ሁሉ ሊጨርሰው ይችላል። እንደ ደብረጸን፣ ሰገድና ፔች ባሉ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ኪራይ ከዋና ከተማዋ ይረክሳል፤ ከተሞቹም ትናንሽ ስለሆኑ ለትራንስፖርት የሚወጣው ያንሳል። ከዚህ ላይ መነሻ ወጪው አለ። አከራዮች ብዙ ጊዜ የሁለት ወር ኪራይ መያዣ ይጠይቃሉ። ለስሌት ያህል ክፍሉ 80,000 ፎሪንት ቢሆን ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ጋር በአንዴ 240,000 ፎሪንት፣ ማለትም 600 ዩሮ ገደማ፣ ያስፈልጋል። ባንክ ሂሳብ ተከፍቶ ምዝገባ እስኪያልቅ የመጀመሪያው አበል ሊዘገይ እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ይህ 600 ዩሮ ከየት ይመጣል? ከቤተሰብ ቁጠባ። ቁጠባው ደግሞ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በባንክ ከ100 ብር አለፈ። ለልጁ ትኬትና መነሻ ብሎ በብር ያስቀመጠ ወላጅ የገንዘቡን ግማሽ ያህል አቅም በአንድ ክረምት አጥቷል። መነሻ ወጪው አነስተኛ የሆነውን ዩኒቨርሲቲ መምረጥ እንግዲህ ከዚህ አደጋ ራስን መጠበቂያም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ገንዘብ ያነሳት ተማሪ ምን ታደርጋለች? ትሠራለች። የሃንጋሪ ሕግ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 30 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቅዳል። ቡዳፔስት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ሥራ ማግኘት ከሌሎቹ ከተሞች ይልቅ ይቀላል፤ ቡዳፔስትን የሚመርጡም ይህን ነው የሚያነሱት። እውነት ነው። ነገር ግን ስኮላርሺፑ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የተወሰነውን ክሬዲት ያላሟላ ተማሪ ይነጠቃል። ለኪራይ ብላ ማታ ማታ የምትሠራ የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ካልኩለስና ፊዚክስ በአዲስ አገር፣ በአዲስ የማስተማር ዘዴ ይጠብቃታል። ኪራዩ ወደ ሥራ፣ ሥራው ወደ ክሬዲት ጉድለት፣ ጉድለቱ ስኮላርሺፑን ወደ ማጣት ሊወስድ ይችላል። ያን ጊዜ ልታጣ የምትችለው 43,700 ፎሪንት ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ክፍያውን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ያጠፋችውን ዓመት ጭምር ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የኪራይ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የሚያስከትለው አደጋ ትልቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዋጋ ንረትም እንዲሁ በዝምታ ይበላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የሃንጋሪ ዓመታዊ የዋጋ ንረት 25.7 በመቶ ደርሶ ነበር። አበሉ ያኔም 43,700 ነበር። የመግዛት አቅሙ ሲሰላ ከዓመት በፊት 34,800 ፎሪንት ገደማ የሚገዛውን ብቻ ይገዛል ማለት ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር ሳይለወጥ አንድ አምስተኛው ጠፍቷል። በቱርክ የከፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ዓመታዊው ንረት 85.5 በመቶ ደረሰ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ቱርክዬ ቡርስላሪ፣ በበኩሉ የደርሶ መልስ ትኬት ይከፍላል፣ ዶርም ይሰጣል፣ አበሉንም ደጋግሞ አሳድጓል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ስላለው የአራት ዓመቱ ዲግሪ አምስት ዓመት ይሆናል። ያ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ የሚያልፍ ዓመት ነው፤ ከቋንቋው ጥቅም ጋር ተመዛዝኖ ሂሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ከዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ከአበሉ መጠን ይልቅ በዓይነት የሚሰጠው ነገር እንደሚያስተማምን ነው። ዶርም፣ ምግብና ሕክምና በዓይነት የያዘ ስኮላርሺፕ ዋጋ ሲንር አብሮ አይሟሽሽም።

ደብረጸንን ብቻ እያወደስኩ እንዳይመስል ሌላውን ጎን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሃንጋሪ በሕዝብ ጥቅም ፋውንዴሽኖች ሥር የሚተዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ የኢራስመስ (የተማሪ ልውውጥ) እና የሆራይዘን (የምርምር) ውል እንዳያገኙ ወሰነ። ደብረጸን፣ ሰገድና ፔች በዚህ ውሳኔ ተነክተዋል። ቡዳፔስት ካሉት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውና ኤልቴ የተባለው ዩኒቨርሲቲ አልተነኩም። አንድ ሴሚስተር ጀርመን ወይም ጣልያን ተምሮ፣ እዚያ ፕሮፌሰር ተዋውቆ ለሁለተኛ ዲግሪ መንገድ መጥረግ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ከኪራይ ልዩነቱ ሊበልጥ ይችላል። የሃንጋሪ መንግሥት ፓኖኒያ የተባለ መተኪያ ፕሮግራም ጀምሯል፤ የስቲፔንዲየም ተማሪ በእሱ ምን ያህል መጠቀም እንደሚችል ግን ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ከምረቃ በኋላ ያለው ደግሞ ሚዛኑን እንደገና ያዞረዋል። ቢኤምደብሊው አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካውን የገነባው ደብረጸን ነው፤ የቻይናው ሲኤቲኤልም በዚያው ከተማ 7.34 ቢሊዮን ዩሮ የሚፈጅ የባትሪ ፋብሪካ ፕሮጀክት አለው። የእኛ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ መኪናና በባትሪ የሠለጠነ ሰው ነገ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈላጊ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ አጠገቡ ያለው ዲፓርትመንት ለተግባር ልምምድ የሚሰጠው ዕድል ከየትኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ ይበልጥብኛል። ባዮሎጂ ለሚመርጥ ደግሞ ሰገድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ካታሊን ካሪኮ የተማረችው እዚያ ነው። ዋና ከተማ ያልሆነ ሁሉ ጠረፍ አይደለም።

በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ወይም ወደ ኩባ የተላከው ትውልድ እንዲህ ያለ ሂሳብ የመሥራት ዕድል እምብዛም አልነበረውም፤ ተመደበ፣ ሄደ። የዛሬው ተማሪ የመምረጥ መብት አለው፤ መብቱ ግን መረጃ ከሌለው ዕጣ ከማውጣት አይለይም።

አገር ውስጥ ለሚቀረውም ነገሩ ያው ነው። አርክቴክቸር መማር ለምትፈልግ የልደታ ልጅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ኮሌጅ እዚያው ሰፈሯ ነው፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመንግሥት ወጪ መማር በሁለቱም «ነፃ» ይባላል፤ ነገር ግን ወጪ መጋራት አለ። ከአዋጅ ቁጥር 351/1995 ጀምሮ ተመራቂው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶውን ከደመወዙ እየቀነሰ እንዲመልስ ሆኗል። የተማሪዎች የቀን የምግብ ሂሳብ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ካደገ ወዲህ ይህ ዕዳ ቀላል አይደለም፤ በዓመት ለአሥር ወር ቢሰላ ምግቡ ብቻ 30,000 ብር ነው። ከቤቷ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ይህን ዕዳ ልታስቀር ትችላለች። ለብቻዋ ማጥኛ ጥግ በሌለበት ጠባብ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖር ግን ዶርሙ ዕዳውን ያወጣል እላለሁ።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። ቤተሰቧ ከአገር ቤት ገንዘብ መላክ ለማይችል ተማሪ፣ ቡዳፔስት ዶርም በጽሑፍ ካላረጋገጠላት በቀር ደብረጸንን በአንደኛ ምርጫ ብታስቀምጥ ይሻላታል። ዶርሙ ከተረጋገጠ፣ የልውውጥ ሴሚስተርም ከፈለገች፣ ቡዳፔስትን ትያዝ። ከሁሉም በፊት ግን የምትፈልገው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥበትን ትምረጥ፤ በማትወደው ዲፓርትመንት የተገኘ ርካሽ ኪራይ ምንም አያደርግላትም። ስትመለስ ዲግሪዋን አቻ የሚያደርግላት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ የፕሮግራሙን ትክክለኛ ስያሜና የቆይታ ጊዜ ከመሄዷ በፊት መዝግባ ትያዝ።

ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ አንድ ነገር ቢያደርግ ለእነዚህ ልጆች ትልቅ ውለታ ነው። በየዓመቱ የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ከማስታወቂያው ጋር ቀደም ብለው የሄዱ ተማሪዎች በየከተማው ለኪራይ፣ ለምግብና ለመያዣ ምን እንዳወጡ፣ ስንቶቹ ዶርም እንዳገኙ፣ ስንቶቹ ስኮላርሺፑን እንዳጡ ያትም። ተማሪዎቹን ዕጩ ያደረጋቸው ራሱ ስለሆነ መጠየቅ ይችላል፤ ወጪውም የአንድ መጠይቅ ያህል ነው። ማመልከቻው ከመከፈቱ በፊት ይውጣ።