ቁጥሯ ሦስት ናት

ዋሽንግተን አቅራቢያ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የነበሩ እናት የልጃቸውን የጨጓራ ካንሰር ውጤት አሳዩኝ። «ሦስት ይላል ልጄ። የመዳን ዕድሉ ከመቶ ሦስት ነው ማለት ነው?» ሐኪሙ በኋላ እንዳልሆነ ነገራቸው። ጥያቄያቸው ግን እኔን አልለቀቀኝም።

ካንሰሩ የሰውነትን ተከላካይ ህዋሶች የሚያደነዝዝበት ፒዲ ኤል 1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ኢሚውኖቴራፒ ይህንን ማደንዘዣ ያከሽፋል። ፓቶሎጂስቱ ፕሮቲኑ የታየባቸውን ህዋሶች፣ የዕጢውንም የተከላካዮቹንም፣ ቆጥሮ ለዕጢው ሕያው ህዋሶች ብዛት ያካፍልና በ100 ያባዛል። ሦስት የመጣችው ከዚህ ነው።

መነሻው ኪዮቶ ነው። ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው ፒዲ ኤል 1 የሚጣበቅበትን ፒዲ 1 የተባለ ፕሮቲን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ሆንጆ በ2018 ከጄምስ አሊሰን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። በ2017 የታተመው የጃፓን፣ የኮሪያና የታይዋን ጥናት ሌላ ሕክምና ያልያዘላቸውን 493 ሕመምተኞች ተከታተለ። ኒቮሉማብ የተባለውን የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒት ከወሰዱት 26 በመቶ ያህሉ ከዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ካልወሰዱት 11 በመቶ ያህሉ ብቻ። እነዚያ 26ቱ እነማን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ነው ጭንቁ።

አንድ ፓቶሎጂስት የዚህን ቁጥር ድክመት ሳይሸሽጉ ነገሩኝ። «ዕጢው አንድ ወጥ አይደለም። ከዚህ ጫፍ የቆነጠርነው ሦስት ይላል፤ ከዚያኛው ጫፍ አሥር ሊል ይችላል። እኔና ጓደኛዬ አንዱኑ ስላይድ አይተን፣ እኔ አራት እሱ ስድስት ያልንበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱን ለማን እንስጥ ለማለት የምንጠቀምበት፣ አምስት የሚባለው ድንበር በሰውየው ሆድ ውስጥ የለም፤ እኛ ያሰመርነው ነው።» ከአምስት በታች ላሉት ክፍያ በምን እንደሚወሰን የጠየቅኋቸው የመድን ድርጅት ኃላፊ ግን ወደ ሌላ ክፍል መሩኝ፤ ከዚያም መልስ አልመጣም።

የተሻለ ጠቋሚ አለ። በ2018 የታተመ የሴኡል ጥናት ኢሚውኖቴራፒ የወሰዱ 61 ሕመምተኞችን መርምሮ፣ ዕጢያቸው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ያለበት ስድስቱም፣ ኤምኤስአይ የተባለው የዘረመል ጉድለት ካለባቸው ሰባት ደግሞ ስድስቱ ዕጢያቸው እንደቀነሰ አሳየ። እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ጥቂት በመሆናቸው ምርመራው ሊዘለል አይገባም።

በመስከረም 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች ቁጥራቸው ከአንድ በታች ለሆነ ሕመምተኞች የኢሚውኖቴራፒ ጥቅሙ ጉዳቱን አይበልጥም ብለው 10 ለ2 ድምፅ ሰጡ። ለእነዚህ የሚቀረው በአብዛኛው ኬሞቴራፒ ነው።

የታመመ ወገን ካላችሁ፣ ሕክምናው ሳይጀመር ሐኪሙን ጠይቁ፤ ናሙናው ከስንት ቦታ ተወሰደ? የኤምኤስአይ ምርመራስ ተሠርቷል?