ከመጠገን መገልበጥ ይቀድማል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀናው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኘው በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ወረታ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር ይዘው እየወረዱ ያደለቡት ይህ ሜዳ ዛሬ ስሙ ከሩዝ ጋር ይነሣል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ነው። እንዲህ ያለ የመተላለፊያና የገበያ ከተማ ብዙ መረጃ ያመርታል፦ የነጋዴው ሒሳብ፣ የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ውጤት፣ የፎቶ ቤቱ የሰርግ ቪዲዮ፣ የተመራቂው ጽሑፍ፣ የመስክ ሙከራ ቁጥር። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከመዳፍ በማትበልጥ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኳ መንቀራፈፍ ስትጀምር ወይም ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው «ትሠራልኝ ይሆን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ዲስክ ከሱቅ ይገዛል፤ በላዩ ያለው ሥራ አይገዛም። የታመመ ዲስክ የቀረው ዕድሜ የተቆጠረ በመሆኑ፣ ያ ዕድሜ በጥገና ሙከራ ሊባክን አይገባም፤ መዋል ያለበት ወደ ጤነኛ ዲስክ ለመገልበጥ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ያለው ከማሽኑ አሠራር ውስጥ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች ተደርድረውበት የሚይዘው 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ኪስ የሚገባው 1 ወይም 2 ቴራባይት ይይዛል። መሠረቱ ግን ያው ነው፤ መግነጢሳዊ ቅብ ያላቸው ሳህኖች ይሽከረከራሉ፣ በክንድ ጫፍ ያለች የማንበቢያ ጭንቅላት በላያቸው ትመላለሳለች። በኤክስተርናሎች ዘንድ የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 5,400 ዙር ነው። ጭንቅላቷ ሳህኑን አትነካም፤ ሽክርክሪቱ በሚፈጥረው ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ትንሳፈፋለች፣ ከፍታዋም የሚለካው በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። አየሩ ከሳሳ ንጣፉም ስለሚሳሳ አምራቾች ለአብዛኞቹ ዲስኮች የሚሰጡት የሥራ ወሰን ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ወረታ ይህ አያሰጋም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የጉና አናት ላይ ግን ያው ዲስክ ከወሰኑ ውጭ ነው። እየሠራ ከጠረጴዛ የወደቀ ዲስክ ጭንቅላቷ ሳህኑን ልትፍቅ ትችላለች፤ ከተፋቀው ገጽ የተነሣው ብናኝ ደግሞ ያልተነካውን ገጽ እየቧጠጠ ይሄዳል። ስለዚህ ጉዳቱ ባለበት አይቆምም፤ ዲስኩ በሠራ ቁጥር ይሰፋል። ክርክሬ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ምርመራ ማለት ሕመሙ ከየት እንደመጣ መለየት ነው፤ ምንጩም ሦስት ነው፦ ኤሌክትሪኩ፣ ተንቀሳቃሹ ክፍል ወይም የፋይሎች ማውጫ። ከቀላሉ መጀመር ይበጃል። መብራቱ በርቶ የማይታይ ወይም እየመጣ የሚጠፋ ዲስክ መጀመሪያ ገመዱ ይቀየርለት፣ ከዩኤስቢ ማከፋፈያ ወጥቶ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካ፣ በሌላ ኮምፒውተርም ይታይ። ቀዳዳው በቂ ኃይል ካልሰጠው ሳህኑ መሽከርከር ይጀምርና ይቆማል፤ ሞተ የተባለ ዲስክ በገመድ ለውጥ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ምንጭ በጆሮ ይለያል። ጤነኛ ዲስክ ድምፁ ለስላሳና አንድ ወጥ ነው። ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ ካለ ጭንቅላቷ ማንበብ አቅቷት ወደ መነሻዋ እየተመለሰች ነው፤ ጢዝ ብሎ መዞር ካቃተው ደግሞ ሞተሩ ተይዟል ወይም ጭንቅላቷ ሳህኑ ላይ ተጣብቃለች። እነዚህ ድምፆች ከተሰሙ ወዲያው መንቀል ነው፤ ይህን የሚያድን ሶፍትዌር የለም። ሦስተኛው፣ ድምፁ ጤነኛ ሆኖ፣ መጠኑም በትክክል እየታየ ፋይሎቹ የማይገኙበት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ገመዱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ማውጫው ይበላሻል። በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስም ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። በዚህ ጊዜ ዳታው አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለ።

ከሁሉም አሳሳቹ ግን ዲስኩ እየሠራ የሚንቀራፈፍበት ሁኔታ ነው። ሃርድ ዲስክ ስማርት የሚባል የራስ ጤና መዝገብ ይይዛል፤ እንደ ክሪስታልዲስክኢንፎ ያለ ነጻ ፕሮግራም ያነበዋል። በመዝገቡ ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (የሳህኑን ትንንሽ የመረጃ ክፍሎች) ይቆጥራል፤ ቁጥር 197 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት እስካሁን ያልተተኩትን፤ ቁጥር 199 ደግሞ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል መንገድ ላይ የተበላሸ መረጃን። 199 ብቻውን ከጨመረ የሚጠረጠረው ገመዱ ወይም ማገናኛው ነው፤ 5 እና 197 ከጨመሩ ሳህኑ ነው። «መዝገቡ ደህና ነው ካለ ለምን ልስጋ?» የሚል ሰው መልሱን የሚያገኘው የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ነው። ገጹ ሲፈተሽ የመጀመሪያው ስህተት የተገኘበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመበላሸት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ ከተበላሹት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና በተባሉት አራት ምልክቶች ላይ አንድም ስህተት አላስመዘገቡም። እንግዲህ መዝገቡ ክፉ ሲናገር ማመን ይገባል፤ ደህና ነው ሲል ግን ዋስትና አልሰጠም።

አገለባበጡም ዘዴ አለው። ተራው ኮፒ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው እዚያው ይታገላል፤ የቀረውን ዕድሜ በአንድ ክፉ ቦታ ላይ ይጨርሳል። ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ግን አስቀድሞ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ የሚያስቸግረውን ዘሎ በካርታ ፋይል ይመዘግባል፣ ወደዚያ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። መብራት ቢቋረጥ እንኳ ካርታው ካቆመበት ያስቀጥለዋል። ማውጫውን የሚያስተካክለው ቴስትዲስክም ሆነ ፎቶና ቪዲዮን በአሠራራቸው ለይቶ የሚያወጣው ፎቶሬክ የሚሠሩት ከዚያ በኋላ፣ በግልባጩ ላይ ነው። የዊንዶውሱን ማስተካከያ ፕሮግራም «ቼክዲስክን አስኬጄ ተስተካከለልኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የተስተካከለላቸው ግን ሳህኑ ጤነኛ ስለነበረ ነው። ቼክዲስክ የሚተጋው ማውጫው እርስ በርሱ እንዲስማማ እንጂ የእያንዳንዱ ፋይል መትረፍ አያሳስበውም፤ ያልተስማማውን ቆርጦ ይጥላል፣ የሚጽፈውም በታመመው ዲስክ ላይ ነው። ፎርማትም እንዲሁ ነው፤ ፈጣኑ ብዙውን ዳታ ሳይነካ ማውጫውን ብቻ ይተካል፣ ሙሉው ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል። ከተገለበጠ በኋላ እነዚህ ሁሉ በግልባጩ ቅጂ ላይ ቢሞከሩ ጉዳት የለውም፤ ሙከራው ቢበላሽ ግልባጩ እንደገና ይገለበጣል።

ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ ሁለተኛ ዲስክ መግዣ ለሌለው ሰው ይህ ምክር ምን ይፈይዳል? መልሱ፣ የተነቀለ ዲስክ እንደሚሠራው ዲስክ አይደክምም ነው። ገንዘብ እስኪገኝ ወይም ባዶ ዲስክ ለጥቂት ቀናት በውሰት እስኪመጣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም፤ በየዕለቱ እየሰኩ «ዛሬስ?» ማለት ግን የሚያስከፍለው ዳታውን ነው። ዕድሉ የመነመነ ነገር ላይ መሞከር ምን ይጎዳል የሚሉም አሉ። ዲስኩን ተራ ክፍል ውስጥ መክፈት አቧራ በዚያ የናኖሜትር ክፍተት ውስጥ ይከታል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ደግሞ ሲወጣ ጤዛ ያስቋጥረዋል። የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን ከተመሳሳይ ዲስክ ወስዶ መቀየርም ብቻውን አይበቃም፤ በብዙ ዘመናዊ ዲስኮች ሰሌዳው ላይ ያለች አንዲት ቺፕ የዚያን ዲስክ ብቻ የሆነ ልኬት ስለምትይዝ እሷም መዛወር አለባት። ዳታውን በሰሌዳው አማካይነት የሚያመሰጥሩ ኤክስተርናሎችም አሉ፤ የእነዚህን ሰሌዳ የጣለ ቁልፉን አብሮ ሊጥል ይችላል። ቀጭ የሚለው ዲስክ ቦታው አቧራው የተጣራ ክፍል ያለው ቤተ ሙከራ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ሳይነካ የቆየ ዲስክ ግን ከዓመታት በኋላም እዚያ የመሄድ ዕድሉ አልተዘጋበትም።

«ኢንተርኔት ላይ ብናስቀምጠው ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለው ሐሳብ ለአነስተኛ ሰነድ ትክክል ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ዳታውን እዚያ ብቻ ያኖረ ሰው በዚያን ጊዜ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሁለተኛ ግልባጭ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት መኖር አለበት። ሌላ ቤት የሚለው በፎገራ በተለይ ይሠራል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ያሉ ሁለት ዲስኮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ይህ አስተሳሰብ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ተመራማሪው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፎገራ ማዶ ያሉትን የጣና ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራም በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ገልብጦ ፊልሞቹን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ አኑሯል። ሁለቱም የገለበጡት ብራናው ገና እየተነበበ ሳለ ነው።

ይህን ሁሉ ራሱ መሥራት የማይችል ሰው ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ ባለሙያውን የሚመዝንበት ጥያቄ አለው፦ «የት ላይ ነው የምትገለብጥልኝ?» ለዚህ መልስ የሌለውና እዚያው ዲስኩ ላይ ሪከቨሪ ሊያስኬድ የተነሣ ባለሙያ እጁ የቱንም ያህል ቢቀለጥፍ፣ ዲስኩን ከእሱ ተቀብሎ መውጣት ይሻላል። ደንበኛውም በበኩሉ ለምርመራው ብቻ ለመክፈል መስማማት አለበት። «ዳታው ከወጣ ትከፍላለህ» የሚለው ውል ለደንበኛው የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ባለሙያው ያለውን ሁሉ እንዲሞክር እንጂ በጊዜ እንዲያቆም አያበረታታውም። «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ አትስካው» ብሎ የመለሰ ባለሙያ ሥራውን ሠርቷል፤ ሒሳቡም ሊከፈለው ይገባል።