ለዉዱእ የበቃ ውሃ ለመጠጥም ይበቃል?

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመንገዱ የተጣለበትን ሁሉ ይዞ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

ብዙ ውሃ በነጃሳ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተለወጠ ንጹሕ እንደሆነ በፊቅህ ተምረናል። ይህ የጠሃራ መለኪያ ነው እንጂ የጤና ምርመራ አይደለም። በአቃቂ በኩል የሚመጣውን የአዲስ አበባ ፍሳሽ ሽታው ያሳብቅበት ይሆናል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም ወይም ከጥጥና ከሸንኮራ እርሻ የሚታጠበው ፀረ ተባይ ግን በአፍንጫ አይለይም።

ከሁሉም የሚያሳስበን ፍሎራይድ ነው። ምንጩ የስምጥ ሸለቆው አለት ቢሆንም የሰው እጅም አለበት፤ መተሐራ አጠገብ እየሰፋ የመጣው ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ በቦይ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ በጣም ሲበዛና ሲቆይ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አይቀንስም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ያጠነክረዋል። ክሎሪንም አይነካውም። የሚሠራው በአጥንት ከሰል ማጣራት ነው (አጥንቱ የታረደ እንስሳ መሆኑን መጠየቃችን ባይቀርም)።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። አቤቱታ ለማቅረብም ጉዳቱ በራሳችን ላይ መድረሱን ማስረዳት አይጠበቅብንም፤ ማንኛውም ሰው ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል።