ጅራት ለጌጥ አይደለም

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ስኩዊረል ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትዘል በፊልም አይታችሁ ከሆነ፣ ዓይናችሁ መጀመሪያ ያረፈው የት ላይ ነው? መቼም ጅራቷ ላይ ነው። ስሟ ራሱ የመጣው ከዚያው ነው፤ የጥንት ግሪኮች "ጥላ" እና "ጅራት" የሚሉትን ሁለት ቃላት ገጥመው ነው የሰየሟት። ግን ያ ሁሉ ጅራት ምን ይሠራላታል? እኔ የጋዜጠኝነት እንጂ የባዮሎጂ ተማሪ አይደለሁም። ነገሩ መጨረሻው ላይ ወደ ሙያችን ስለሚመጣ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

ጠጉሩን ገልጠን ውስጡን ብናይ፣ ጅራት የአከርካሪ አጥንት ቀጣይ ነው። ከዳሌ አጠገብ ያሉት አጥንቶች አጠር ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹ ጡንቻዎችም የሚያያዙት እዚያ ነው። ቀጥሎ ያሉት ይረዝማሉ፤ ከዚያ እየቀጠኑና እያጠሩ ያልቃሉ። ጫፉ ላይ ብዙ ሥጋ የለም። ታዲያ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ከሥሩ ጡንቻዎች የሚነሱ ረጃጅም ጅማቶች እስከ ጫፍ ድረስ ይዘረጋሉ። ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን ነው፦ እጀታው ጋ ስትጨብጡት ሽቦው ተስቦ ጎማው ጋ ይይዛል። ጉልበቱ ሥሩ ላይ ስለሆነ ጫፉ ቀላል ነው፤ ቶሎም ይታዘዛል።

በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ስትሄድ ጅራቷ ሚዛን ይጠብቅላታል። እኛም በወንዝ ላይ በተጋደመ ግንድ ስንሻገር እጃችንን ግራና ቀኝ ዘርግተን የለ? አየር ላይ ስትሆን ደግሞ የምትደገፈው ነገር ስለሌላት የፊዚክስ ሕግ ይረዳታል፤ ጅራቷን በአንድ አቅጣጫ ስታሽከረክር ገላዋ በተቃራኒው ይዞራል። በሰሜን አሜሪካ በረሃ የሚኖረው የካንጋሩ አይጥም እባብ ሊነድፈው ሲወረወር ዘሎ አየር ላይ የሚገለበጠው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሁሉንም ነገር ለጅራት መስጠት ግን ተገቢ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ናታንኤል ሃንትና ባልደረቦቹ የዱር ስኩዊረሎችን በኦቾሎኒ እያባበሉ አዘለሏቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ አሳተሙ። ስኩዊረሎቹ ከመዝለላቸው በፊት የርቀቱን ብቻ ሳይሆን የቅርንጫፉን መለመጥም ይመዝናሉ። አዘላለሉ ቢበላሽ እንኳ በጥፍራቸው ይዘው፣ ዞረው ይወጣሉ እንጂ አይወድቁም። ስለዚህ ጅራት ከዓይን፣ ከእግርና ከጥፍር ጋር ነው የሚሠራው።

የሚገርመው፣ የዘመዶቻቸውን ጅራት ብቻ በማየት እንዴት እንደሚኖሩ መገመት ይቻላል። ከዛፍ ወደ ዛፍ የምትንሳፈፈው "በራሪ" ስኩዊረል ጅራቷ እንደ ላባ ጠፍጣፋ ነው፤ አቅጣጫ ታስተካክልበታለች። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች የሚኖሩ ሌሎች ተንሳፋፊዎች ከጅራታቸው ሥር በታች በኩል ሻካራ ቅርፊት አላቸው፤ ግንድ ላይ ሲያርፉ እንዳይንሸራተቱ ይደግፋቸዋል። በአውሮፓ እህል ማሳ የምትኖር አንዲት ትንሽ አይጥ ጅራቷን በአገዳ ላይ እንደ አምስተኛ እጅ ትጠመጥማለች። ቢቨር በሰፊው ጅራቱ ውኃ ውስጥ ይቀዝፋል። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው የባሌው ትልቁ ፍልፈል ጅራቱ አጭር ነው። አብዛኛው ኑሮው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነውና ረጅም ጅራት ምን ያደርግለታል?

አሁን ወደኛው ጉዳይ። ብዙዎቻችን ስኩዊረልን "ሽኮኮ" ብለን እንተረጉማለን። ክፍላችን ውስጥም በዚህ ቃል ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራክረናል። ሽኮኮ ግን በዓለት መካከል የሚኖረው፣ በመጽሐፍ ቅዱስም የተጠቀሰው እንስሳ ነው። የአይጥ ወገን አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ዝሆን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከውጭ የሚታይ ጅራት የለውም ማለት ይቻላል! እንግዲህ "ሽኮኮው በጅራቱ ሚዛኑን ጠበቀ" ብለን ብንጽፍ፣ ሽኮኮን አሳምሮ የሚያውቀው የባሌ አንባቢ ምን ይለናል? ወይ ይስቃል፣ ወይ የቀረውንም ዜና አያምነንም። የሁለተኛው ይብሳል።

ስኩዊረል የባዕድ አገር እንስሳ ብቻ ናት ብለን እንዳንሸሽም፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈሩ የሚኖሩ የመሬት ስኩዊረሎች አሉ። ስለዚህ እኔ የምለው፣ የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራት ሄደን እንጠይቅ፤ እስከዚያው "ስኩዊረል" ብለን በፊደላችን እንጻፍና "ረጅምና ጠጉራም ጅራት ያላት የአይጥ ዘመድ" ብለን እንግለጻት። አምስት ስድስት ቃል ብትጨምር አምዱን አታጣብብም።