ዜማ በቆላው መንገድ፦ የጎንደርና የመተማ ሙዚቀኞች

ከጎንደር ተነስቶ በገንዳ ውሃ አድርጎ በሱዳን ድንበር ካለችው መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ በታሪክ የሚነሳው በንግድና በጦርነት ነው። ሙዚቀኛ ግን ሁሌም አልፎበታል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1772 ወደ ስናር የወረደው በዚሁ ቆላ በኩል ነው። ስለ ኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች የጻፈውን ደብዳቤ እንግሊዛዊው ቻርልስ በርኒ እ.ኤ.አ. በ1776 መታተም በጀመረው የሙዚቃ ታሪኩ ውስጥ አስገብቶታል። የደብዳቤው ጉዳይ መሣሪያው እንጂ ተጫዋቹ አልነበረም።

በጎንደር ሁለት ዓይነት የዜማ ሰው ጎን ለጎን ኖሯል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር የሆነው መሪጌታው ነው። ሙያውን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ይቆጥራል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ስልቶች ድጓ የተባለውን የዜማ ድርሰት ያደርሳል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ዓመታት ፈጅቶ ነው ለማስመስከር የሚበቃው፤ በጸናጽልና በከበሮ ለሚዘመረው ለአቋቋም ዋናው ማስመስከሪያ ጎንደር በዓታ ነው። የመምህራኑ ስም በተማሪዎቻቸው ቃል ከትውልድ ትውልድ ይተላለፋል።

ሁለተኛው አዝማሪው ነው። ማሲንቆውን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ይማራል፤ በጎንደር አቅራቢያ ያለችው ቡርባክስ በዚህ የታወቀች የአዝማሪዎች መንደር ናት። ፍየል ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ጅማት፣ አንድ ደጋን፤ ይኸው ነው ሀብቱ። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፤ አዝማሪው ቤቱን ሳያፈርስ፣ ዜማውን ሳይለቅ ይመልሳል፤ ሰምና ወርቁን ያወቀ ብር ይለጥፍለታል። ይህን ችሎታ የሚያደንቀው ማኅበረሰብ ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር ግን አይፈልግም ነበር።

አዝማሪ ለጌታው ይዘፍን ስለነበር የጌታው ሽንፈት የሱም ነበር። ኅዳር 1845 ዓ.ም. ከቋራ ቆላ የተነሳው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ፣ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ጉር አምባ ላይ ድል አደረገ። ጎሹ በጦርነቱ ሞተ። ከጦርነቱ በፊት ካሣን በግጥም ያዋረደው የጎሹ አዝማሪ ተማርኮ ቀረበ፤ ምን እንዳለ ሲጠየቅ በዚያው በግጥም የራሱን አፍ ጥፋተኛ አድርጎ መለሰ ይባላል። ግጥሙ ተወደደ፤ ሰውየው ግን ተደብድቦ ሞተ። የአዝማሪ ሙያ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ለመሪጌታው የከፋው ዓመት 1880 ዓ.ም. ነበር። የሱዳን ድርቡሾች በጥር ወር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርገው ጎንደር ገቡ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፈው አቃጠሉ። መጻሕፍት ጠፉ። ዜማው የተረፈው አብዛኛው በቃል የተያዘ በመሆኑ ነው። በዓመቱ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእነዚሁ ድርቡሾች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ።

በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን የያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር የተቀመጡት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በየደጁ እየለመኑ የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው አዘኑ። በአውሮፓ ስልት የተማሩ ፒያኖ ተጫዋች ስለነበሩ ያስቀረጹት ሙዚቃ ገቢ ለችግረኞች እንዲውል አደረጉ። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አረፉ።

ወደ አዝማሪው ስንመለስ፣ በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ የጎንደሩ ፋሲለደስ ከወሎው ላሊበላና ከጎጃሙ ግሽ ዓባይ ጋር ስሙ ይነሳ ነበር። አዝማሪ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኖ መድረክ ላይ ሲወጣ ክብሩ ከፍ አለ፤ የሚዘፍነው ግን ታዘዘለት። ጌታው ተለወጠ እንጂ ጌታ አልጠፋም።

በመተማ በኩል ያለው ታሪክ ደግሞ ከሱዳን ጋር የተያያዘ ነው። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ሁለቱን ሀገሮች ስለሚያገናኝ የሱዳናዊው ድምፃዊ የመሐመድ ወርዲ ዘፈን ዐረብኛ ለማያውቀው ኢትዮጵያዊም ባዳ አልሆነም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ስደተኞች በመተማ ሲገቡ፣ በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ደግሞ የጎንደርን መንገድ አስጊ አደረገው። ከሰርግ ሰርግ በመሄድ ለሚኖር አዝማሪ የመንገድ መዘጋት የእንጀራ መቋረጥ ነው።

ሕጉም ብዙ አይደርስለትም። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ወጥ ሲሆንና ግዘፍ ሲያገኝ፣ ማለትም ሲጻፍ ወይም ሲቀረጽ ነው። «ተቀበል!» ሲባል በቅጽበት የሚወለደው ግጥም፣ የቀረጸው ሰው ከሌለ፣ በሕግ ዓይን ባለቤት የለውም።