ፋውንዴሽን በጠርሙሱ መልክ አይገዛም
ለወዛምና ወደ ወይራ ቀለም ለሚያደላ ፊት የሚሆነውን ሳይፈትን የሚጭን ነጋዴ ካፒታሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል

በመዋቢያ ዕቃ ንግድ ውስጥ ፈሳሽ ፋውንዴሽን ከሌላው ሸቀጥ የተለየ ጠባይ አለው። ሊፕስቲክ ቀለሙ እምብዛም ባይስማማ ገዢዋ ‹‹ለሌላ ቀን ይሆነኛል›› ብላ ትወስደዋለች። ሽቶም ቢሆን ስጦታ ይሆናል። ፋውንዴሽን ግን ከፊት ቆዳ ጋር ካልተስማማ በነጻ ቢሰጥም የሚቀባው አይገኝም። በዚህም ምክንያት በአንድ ካርቶን ከመጣ ዕቃ ከፊሉ በሳምንት ሲያልቅ፣ ከፊሉ አቧራ ለብሶ ዓመት ይከርማል።

ችግሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው ፊታቸው ወዛም፣ ቀለማቸውም ወደ ወይራ የሚያደላ ደንበኞች ላይ ነው። እነዚህ ደንበኞች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ባለሱቅ የሚያዝላቸው ዕቃ ለእነርሱ ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ሂሳቡ ምን ይላል?

አንድ አስመጪ 12 የቀለም ቁጥር ያለው ፋውንዴሽን ከየቁጥሩ 24፣ በድምሩ 288 ጠርሙስ አስገባ እንበል። ከ12ቱ ቁጥሮች 4ቱ ባይሄዱ 96 ጠርሙስ ቆሞ ይቀራል። የተቀረውን 192 ጠርሙስ በመግዣው ላይ 25 በመቶ ጨምሮ ቢሸጥ፣ የሚያገኘው ገንዘብ የ240 ጠርሙስ መግዣ ብቻ ነው። የ48 ጠርሙስ ዋጋ ከዋናው ጎደለበት ማለት ነው። 50 በመቶ ጨምሮ ቢሸጥ እንኳ 192ቱ የሚመልሱት ልክ የ288ቱን መግዣ ነው። የሱቅ ኪራዩን፣ የሠራተኛ ደመወዙንና ግብሩን ሳይቆጥር ገና ዋናውን ብቻ አገኘ።

ይህ ሂሳብ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል። እንደሚታወቀው መንግሥት በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች መካከል መዋቢያዎች ይገኙበት ነበር። እገዳው የተነሣው ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተወሰነበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በሩ ቢከፈትም የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ የቆመ እያንዳንዱ ጠርሙስ የሚያስረው ብር ከበፊቱ በእጅጉ ይበልጣል።

የወይራ ቀለም የሚባለው የትኛው ነው?

ቆዳ ሁለት ዓይነት ቀለም አለው ማለት ይቻላል። አንደኛው ላይ ላዩን የሚታየው ነው፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚባለው። ሁለተኛው ከሥር የሚያበራው ነው። የአንዱ ቆዳ ከሥሩ ወደ ሮዝ፣ የሌላው ወደ ቢጫ ያደላል። በውጭው ገበያ ‹‹ኦሊቭ›› የሚባለው የወይራ ፍሬን የሚመስለው ሲሆን፣ ከቢጫው ጋር ትንሽ አረንጓዴና አመድማ ጥላ ያለበት ነው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ እስያ በብዛት ይታያል። በኢትዮጵያም ቀይ ዳማና ጠይም ከሚባሉት መካከል ይህ ቀለም ያላቸው ሞልተዋል።

ፋውንዴሽን ግን የሚቀመመው በአመዛኙ ከአራት ቀለሞች ነው። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ቢጫው፣ ቀዩና ጥቁሩ ደግሞ የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። ፋብሪካዎች ለረዥም ዘመን ቁጥሮቻቸውን ያሰናዱት በሮዝና በቢጫ መካከል ነው። ቀዩ የበዛበት ፋውንዴሽን በወይራ ቆዳ ላይ ወደ ብርቱካን ይለወጣል። ቢጫው የበዛበት ደግሞ እርድ የተቀባ ያስመስላል። መፍትሔው ቀዩን መቀነስ ነው። ቢጫ ከጥቁር ጋር ሲደባለቅ ወደ አረንጓዴ እንደሚያዘነብል ቀለም ቀቢዎች ያውቁታል። አንዳንድ ፋብሪካዎችም ጥቂት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይጨምራሉ።

ጠርሙሱ ላይ ያለው ፊደል ነጋዴውን እንዳያታልል

በቁጥሮቹ አጠገብ የሚጻፉት ፊደላት ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ትርጉማቸው ይለያያል። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

ኤስቴ ላውደር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ደብል ዌር በተባለው ፋውንዴሽኑ ላይ ‹‹ሲ›› ማለት ወደ ሮዝ ለሚያደላ፣ ‹‹ደብሊው›› ማለት ወደ ቢጫና ወርቃማ ለሚያደላ፣ ‹‹ኤን›› ማለት ለመካከለኛ ቆዳ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው አኃዝ የጥቁረቱን ደረጃ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1984 በቶሮንቶ የተቋቋመው ማክ ግን ነገሩን ገልብጦታል። በማክ ዕቃ ላይ ‹‹ኤንሲ›› የተጻፈበት ለወርቃማና ለወይራ ቆዳ ሲሆን፣ ‹‹ኤንደብሊው›› ወደ ሮዝ ለሚያደላው ነው። በሁለቱ ላይ ያለው ‹‹ሲ›› አንድ ነው ብሎ ያዘዘ ነጋዴ ለተሳሳተ ደንበኛ ዕቃ ይጭናል።

ከዚህም ሌላ በፋብሪካው ዝርዝር ውስጥ ስንት ቁጥር እንዳለ ብቻ አይቶ መተማመን አይበቃም። ጥቁርና ጠይም ሴቶችን ዓላማ ያደረጉ መዋቢያዎች በአሜሪካ አዲስ ነገር አልነበሩም። ፋሽን ፌር እ.ኤ.አ. በ1973፣ በሶማሊያ ተወላጇ ኢማን ስም የሚጠራው ድርጅት ደግሞ በ1994 ወደ ገበያ ገብተዋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የነቁት ግን በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ቢዩቲን በ40 የፋውንዴሽን ቁጥሮች በጀመረች ጊዜ ነው። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ከብዙ ሱቆች ቶሎ አለቁ። ከጀርባ የቆመው የፈረንሳዩ ኤልቪኤምኤች ኩባንያ የፌንቲ ቢዩቲ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ መቃረቡን አስታውቋል። ‹‹አይሄዱም›› ተብለው ሲታለፉ የኖሩት ቁጥሮች ገዢ ያጡት ቀድሞውንም ስላልቀረቡ እንደነበረ ገበያው አረጋገጠ።

ሆኖም የፌንቲን መንገድ መከተል ለአነስተኛ ነጋዴ አያዋጣም። 40 ቁጥር የሚይዝ ካፒታል ያለው ጥቂቱ ነው። ለእርሱ የሚበጀው ጥቂት ቁጥሮችን በትክክል መርጦ መያዝ ነው።

ወዙ የሚያመጣው ጣጣ

ሁለተኛው ፈተና ወዝ ነው። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ላይ ይበዛሉ። የሚወጣው ቅባት ከፋውንዴሽኑ ጋር ሲደባለቅ የተቀባውን ስስ ሽፋን ያላላዋል። ጠዋት ያማረ ፊት ቀትር ላይ ያብለጨልጫል፤ አፍንጫ ዙሪያም ይሰነጣጠቃል።

ከዚያም ቀለሙ ይጠቁራል። ሻጮች ‹‹ኦክሲዳይዝ አደረገ›› ይሉታል። ይሁንና ቢጫውና ቀዩ ቀለም ቀድሞውኑ የዛገ ብረት ስለሆነ ፊት ላይ እንደገና አይዝግም። በፋውንዴሽኑ ውስጥ ያለው ውሃና ቶሎ የሚተነው ሲሊኮን ሲበር ቀለሙ ይጠጥራል። የፊቱ ወዝም ቀለሙን ሲያርሰው፣ ደረቅ አፈር ውሃ ሲነካው እንደሚጠቁር ሁሉ ይጠቁራል። ወዛም ፊት ላይ በተቀባ ጊዜ ልክ የመሰለው ቁጥር ከሰዓታት በኋላ አንድ ደረጃ የወረደ የሚመስለው ለዚህ ነው።

በማሸጊያው ላይ ያሉት ቃላትም ማስተዋል ይፈልጋሉ። ‹‹ኦይል ፍሪ›› ማለት በውስጡ ዘይት አልተጨመረም ማለት እንጂ የፊትን ወዝ ይይዛል ማለት አይደለም። ለወዛም ፊት የሚፈለገው ‹‹ማት›› የተባለው ነው። በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ሲሊካ ወይም ካኦሊን የተባለው ነጭ ሸክላ ካለ ወዝ የመምጠጥ ዓላማ እንዳለው ይጠቁማል። ‹‹ዲዊ›› ወይም ‹‹ሉሚነስ›› የተባሉት ፊት እንዲያበራ የተሠሩ በመሆናቸው ለደረቅ ቆዳ እንጂ ለወዛም እምብዛም አይመከሩም።

ፈተናው እንዴት ይካሄዳል?

ነጋዴው 288 ጠርሙስ ከማዘዙ በፊት ከ12ቱ ቁጥሮች አንዳንድ ጠርሙስ ቢያስመጣ የሚያወጣው ከጠቅላላ መግዣው 4 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ወጪ ለፈተና ካዋለው እንደ ኪሳራ ሊያየው አይገባም። አሠራሩ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ ፊታቸው ወዛም የሆኑ፣ ቀለማቸው የተለያየ ጥቂት ሰዎችን መምረጥ ነው። ሁሉም ፊታቸውን ታጥበው፣ ስስ ክሬም ተቀብተው 10 ደቂቃ ይቆያሉ።

ሁለተኛ፣ ሦስት ተቀራራቢ ቁጥሮችን ከመንጋጋ ወደ አንገት በቀጭኑ ማስመር ነው። በእጅ ጀርባ ላይ መሞከር የተለመደ ቢሆንም የእጅና የፊት ቀለም ስለሚለያይ ያሳስታል። ትክክለኛው ቁጥር መሥመሩ የማይታየው ነው።

ሦስተኛ፣ ከሱቁ ወጥቶ በቀን ብርሃን ማየት ነው። የሱቅ መብራት አረንጓዴውን ጥላ ሊሸሽግ ይችላል። ከዚያም እስኪደርቅ 30 ደቂቃ ያህል ጠብቆ እንደገና ማየት ይገባል።

አራተኛ፣ የተመረጠውን ቁጥር በግማሽ ፊት ላይ፣ ተወዳዳሪውን በሌላው ግማሽ ላይ ቀብቶ ሥራ መዋል ነው። በ3ኛውና በ8ኛው ሰዓት የአፍንጫ ዙሪያ፣ ግንባሩና የሸሚዝ ኮሌታው ይታያል፤ ፎቶም ይነሣል። ጠቁሮ ከተገኘ ለወዛም ደንበኛ ግማሽ ደረጃ ፈካ ያለውን ቁጥር ማዘዝ ነው።

አምስተኛ፣ ለሠርግ ገበያ የታሰበ ከሆነ በማታ በፍላሽ ፎቶ አንስቶ ማየት ያስፈልጋል። ፀሐይ እንዲከላከል ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ የበዛበት ፋውንዴሽን በፍላሽ ፊትን ሊያነጣው ይችላል።

የአየር ንብረቱም ይታሰብበት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሎ ያለፈ ዕቃ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ሙቀት ላይዘልቅ ይችላል። ዕቃውን ወደ ቆላ ከተሞች የሚያከፋፍል ነጋዴ እዚያው ቢፈትን ይሻለዋል።

ለሙከራ የተከፈተውን ጠርሙስ በተመለከተ፣ በአንድ ስፖንጅ ብዙ ሰው መቀባት ለቆዳ በሽታ መተላለፊያ ስለሚሆን በሚጣል እንጨት መጨለፍ ይገባል። በጠርሙሱ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ውስጥ ‹‹12ኤም›› የሚል ምልክት ካለ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ያገለግላል ማለት ነው። በካርቶኑና በጠርሙሱ ሥር የታተመው የምርት መለያ ቁጥርም አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ዕቃው ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ከፈተናው በኋላ ትዕዛዙ ምን ይመስላል?

ከየቁጥሩ እኩል 24 ማዘዝ ለፋብሪካው እንጂ ለባለሱቁ አይመችም። በፈተናው ያለፉትን አምስት ወይም ስድስት ቁጥሮች በርከት አድርጎ፣ የተቀሩትን በጥቂቱ መያዝ ይበጃል። ደንበኛ ጠይቆ ያጣውን ቁጥር በደብተር መመዝገብ ደግሞ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ከማንኛውም የፋብሪካ ካታሎግ የተሻለ መመሪያ ነው። በዚህ ሸቀጥ ‹‹የለም›› ተብላ የተመለሰች ደንበኛ ፊቷን የሚያውቅላት ሱቅ ካገኘች ሊፕስቲኩንም ፓውደሩንም ከዚያው ትገዛለች።

በመሆኑም ለደላላው ‹‹ዋጋው ስንት ነው?›› ከሚለው ጥያቄ በፊት ‹‹ሳምፕሉ የት አለ?›› የሚለው መቅደም አለበት። ሳምፕል አልሰጥም የሚል ሻጭ የሚደብቀው ነገር ሊኖረው ይችላል። ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ቀለሙን መመርመር፣ ‹‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ›› እንደሚባለው ነው።